ፈተና ሲደርስ የሚነሳው ራስ ምታት፦ ሰበብ ነው ወይስ ማይግሬን?

የሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና በቀረበ ቁጥር በየዩኒቨርሲቲው የሚደጋገም አንድ ክርክር አለ። ተማሪው በፈተናው ዕለት ጠዋት ክሊኒክ ይሄዳል። «ራሴን ሊፈልጠኝ ነው» ይላል። ሙቀቱ ይለካል፣ ደህና ነው። የደም ግፊቱ ይለካል፣ እሱም ደህና ነው። መምህሩ ዘንድ ሲደርስ «እስከ ትናንት ደህና አልነበርክ እንዴ? ዛሬ ምን ተገኘ?» ይባላል። የዶርም ጓደኞቹም ከማዘን ይልቅ ይጠቃቀሳሉ። «ስላልቸከለ ነው» ይላሉ።

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ደግሞ ወሬው ሌላ ነው። አንዱ ሳይነስ ነው ይላል። ሌላው ምች፣ ሌላው የስልክ ብርሃን፣ ሌላው መንፈስ ነው ይላል። በዚህ ሁሉ መሃል ማይግሬን የሚለው ቃል ለማንኛውም ኃይለኛ ራስ ምታት መጠሪያ ሆኗል።

የጥርጣሬው መነሻ ጊዜው ነው። «ሁልጊዜ ለምን ፈተና ላይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ይመስላል። የሕመሙን ጠባይ ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ግን የሚያስገርመው ማይግሬን ያለበት ተማሪ በፈተና ሰሞን ሳያመው ቢቀር ነው።

ማይግሬን የሚባለው የትኛው ነው?

ማይግሬን ራሱን የቻለ የአንጎልና የነርቭ ሕመም ነው። ተራ ራስ ምታት ስለበረታ ማይግሬን አይሆንም። በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች አለባቸው፤ ከሰባት ሰው አንዱ እንደ ማለት ነው። ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል። በዘር ይተላለፋል፤ እናቷ «ራሴን» እያለች ሻሽ አስራ ትተኛ የነበረች ልጅ ዕድሏ ከፍ ያለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት ዕድሜም ይኸው ነው።

ሐኪሞች የሚመሩበት ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ። ሕመሙ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። በአንድ ወገን መሆን፣ ትር ትር እያለ መምታት፣ ከመካከለኛ እስከ ከባድ መሆን፣ ደረጃ እንደ መውጣት ባለ ቀላል እንቅስቃሴ መባስ፤ ከእነዚህ አራቱ ቢያንስ ሁለቱ መኖር አለባቸው። በዚያ ላይ ማቅለሽለሽ ወይም ማስታወክ፣ አለዚያም ብርሃንና ድምፅ አለመቻል ይጨመራል። ይህ ሁሉ ቢያንስ አምስት ጊዜ ተደጋግሞ መታየት አለበት። ማይግሬንን በቀጥታ የሚያሳይ የደም ምርመራም ራጅም የለም። ኤም.አር.አይ የሚታዘዘው ሌላ ነገር እንዳይሆን ለማጣራት ነው። ክሊኒኩ ውስጥ የተለካው ሁሉ ደህና መሆኑ ተማሪው ዋሽቷል ማለት አይደለም።

ቀድሞ ሕመሙ የደም ሥር መስፋት ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። አሁን ዋናው ነገር ነርቭ ላይ እንደሆነ ይታወቃል። ትራይጀሚናል የተባለው፣ የፊትንና የራስ ቅልን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ይነቃቃል። ሲ.ጂ.አር.ፒ. የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። የአንጎል ሽፋን ላይ ያሉት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ የሕመሙም መልእክት ይበረታል። ብርሃን፣ ድምፅና ሽታ በዚያን ሰዓት የማይቻሉት ለዚህ ነው። የሽንኩርት ቁሌት ወይም የሚቆላ ቡና ጭስ፣ ሌላ ጊዜ ደስ የሚለው፣ ያን ቀን ያስመልሳል።

ከታማሚዎቹ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት ደግሞ ኦራ አላቸው። ኦራ የምንለው ብዙውን ጊዜ ራስ ምታቱን ቀድሞ መጥቶ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ የሚቆየውን ምልክት ነው። ዓይን ላይ የሚያብረቀርቅ ዚግዛግ መስመር ይታያል። ከሚነበበው ገጽ መሃል ፊደል ይጠፋል። እጅ ይደነዝዛል፤ አንዳንዴም ቃል አልመጣ ይላል። የፈተና ወረቀት ፊቱ ላለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም።

«ሳይነስ አለብኝ»

በከተማችን በአዲስ አበባ ራሱን የሚያመው ሰው ለራሱ ከሚሰጣቸው ስሞች ዋናው ሳይነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት «የሳይነስ ራስ ምታት አለብኝ» የሚሉ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎችን መርምሮ ነበር። 88 በመቶ የሚሆኑት ምልክታቸው የማይግሬን ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማይግሬንም ግንባርና የዓይን ዙሪያ ላይ ይከብዳል፤ አፍንጫ ያፍናል፣ እንባ ያመጣል። እውነተኛ የሳይነስ ኢንፌክሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ንፍጥና ትኩሳት አለው፤ በወር ሁለቴ እየመጣ በማግስቱ አይሄድም። ስሙ ሲሳሳት መድኃኒቱም ይሳሳታል። ብዙ ተማሪ አንቲባዮቲክ የሚውጠው ለዚህ ነው።

መነጽርም እንዲሁ ነው። ዓይን ማስመርመር ክፋት የለውም። መነጽር ለውጦም ራስ ምታቱ ያልተወው ሰው ግን ሦስተኛ መነጽር ከማሠራቱ በፊት ሌላውን ጥያቄ ቢጠይቅ ይሻላል። ምች የሚለው የአገራችን አጠራር ፀሐይን፣ ሽታንና ድንገተኛ ራስ ምታትን አንድ ላይ ያያይዛል። የማይግሬን ቀስቃሾችም ከእነዚህ ውስጥ አሉበት። ምልከታው ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ለምን ልክ በፈተና ሰሞን?

ማይግሬን ያለበት አንጎል የለመደው ሥርዓት ሲዛባበት ይቀሰቀሳል። እንቅልፍ ሲያንስ ይቀሰቀሳል፤ ሲበዛም እንዲሁ። ምግብ ሲዘለል፣ ቡና ሲቀር፣ ጭንቀት ሲበዛ። አንዱ ብቻውን ላይቀሰቅሰው ይችላል፤ ሦስቱ ሲደራረቡ ግን ይነሳል። ፈተና ደግሞ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ይዞ ይመጣል።

የከተማው ዳርቻ የራሱን ይጨምርበታል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያለው ቂሊንጦ ነው፤ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አጠገቡ ናቸው። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ በምሥራቁ በኩል ነው። በእነዚህ አካባቢዎች ከግል ኮሌጆች ጭምር ሲታይ ሁለት ዓይነት ተማሪ አለ። አንዱ ዶርም የሚያድር ነው፣ ሌላው ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማር ነው።

ተመላላሹን እንውሰድ። ከቡራዩ ወይም ከሰንዳፋ ተነስቶ ለጠዋቱ ሁለት ሰዓት ክፍል ለመድረስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መነሳት አለበት። በዚያ ሰዓት ቁርስ የሚበላ ሆድ የለም። የታክሲ ሰልፍ አለ፤ የናፍጣ ጭስ አለ። ቆይቶ ደግሞ የአስፋልቱ ፀሐይ አለ። የመጀመሪያው ምግብ ስድስት ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ሻይ በዳቦ ነው። ከትናንት ማታ እራት ጀምሮ ሲቆጠር አሥራ ስድስት ሰዓት ገደማ ያለ በቂ ምግብ አለፈ ማለት ነው።

ዶርም ያለው ከመንገዱ ተርፎ እንቅልፉን ያጣል። በአንድ ክፍል ስድስት ልጅ ካለ የስድስት ሰው የፈተና ፕሮግራም አለ። አንዱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከላይብረሪ ሲመለስ አምፖሉ ይበራል፤ ሌላው አሥር ሰዓት ላይ አላርም ሞልቷል። ተማሪው ራሱም ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ አራት አራት ሰዓት ተኝቶ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ይተኛል። ሁለቱም ጫፍ ቀስቃሽ ነው።

ቡናው ለብቻው መታየት አለበት። ካፌይን አንጎል የሚለምደው ነገር ነው። በፈተና ሳምንት ሁለት ስኒ ይጠጣ የነበረው ወደ አምስት ይደርሳል። ከዚያ በጥድፊያ ወይም ብር በማለቁ አንድ ቀን ይቀርበታል። ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሐራራው ይነሳል፤ ከራስ ምታት ጋር። ማይግሬን ለሌለበት ሰው ድብርትና ቀላል ሕመም ሆኖ ያልፋል። ላለበት ግን ሙሉውን ማይግሬን ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚህ ከቡናው መጠን በላይ የሚጎዳው ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። ሌሊቱን በጫት ምርቃና ማደርም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ጫት የምግብ ፍላጎትንም እንቅልፍንም ይዘጋል። «አነቃኝ» የሚለው ተማሪ በማግስቱ ሁለቱንም ይከፍላል።

ጾምም አብሮ ይታያል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሳይበሉና ሳይጠጡ መዋል ለአንዳንድ ታማሚዎች ግልጽ ቀስቃሽ ነው። በሁለቱም እምነት ለታመመ ሰው ቦታ አለ። ጉዳዩን ከንስሐ አባት ወይም ከሼኽ፣ እንዲሁም ከሐኪም ጋር መነጋገር ይቻላል።

ጭንቀት ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሕመሙ የሚነሳው ጭንቀቱ ጣሪያ ሲነካ ብቻ አይደለም። ታማሚዎች የዕለት ማስታወሻ እየያዙ በተደረጉ ጥናቶች፣ ጭንቀት ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ቀነስ ሲል ማይግሬን የመነሳት ዕድሉ ከፍ ብሎ ታይቷል። ሰኞ ከባዱን ፈተና ጨርሶ «ተገላገልኩ» ያለ ተማሪ ማታውን ሊወድቅ ይችላል። ማክሰኞ የሚቀልለው ፈተና ነው። መምህሩ ደግሞ «ከባዱን ተፈትኖ ቀላሉን አመመኝ ይላል» ብሎ ይገረማል።

ከሁሉም በላይ ለጥርጣሬ የሚዳርገው ግን ቅድመ ምልክቱ ነው። ራስ ምታቱ ከመምጣቱ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ታማሚው ይለወጣል። ያዛጋል፣ አንገቱን ይይዘዋል፣ ይነጫነጫል፣ ጣፋጭ ያምረዋል። ያነበበው አይገባውም። ጓደኞቹ የሚያዩት «ማጥናት አቅቶት ተቀምጦ ዋለ፤ ማታ አመመኝ አለ» የሚለውን ነው። እነሱ ሰበብ የሚሉት ቅደም ተከተል የሕመሙ የራሱ ቅደም ተከተል ነው።

ሴት ተማሪዎች ላይ የወር አበባ ይጨመራል። ከመምጣቱ በፊት ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲወርድ፣ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ማይግሬን ይበረታል። የፈተና ሰሌዳ ይህን አያውቅም።

የአዲስ አበባ ከፍታ ነው የሚሉም አሉ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ እሱም በጥቂት ቀናት ይለመዳል። ከጋምቤላ ወይም ከአፋር የመጣ አዲስ ተማሪ የመጀመሪያውን ሳምንት ሊከብደው ይችላል። የሦስተኛ ዓመት ተማሪን ራስ ምታት ግን ከፍታው አይገልጸውም።

ከትምህርቱ ላይ የሚወስደው

የሚታየው ጉዳት የቀረበት ክፍል ነው። የማይታየው ይበልጣል። ሕመሙ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ድካምና የሐሳብ መደብዘዝ ይቀራል። ተማሪው ክፍል ገብቷል፣ ስሙን አስፈርሟል፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ግን አልያዘም። አቴንዳንስ ይህን አይቆጥርም።

በግምት እናስላው። በወር ሁለት ጊዜ የሚነሳበት ተማሪ አለ እንበል። እያንዳንዱ አንድ ቀን ያስተኛዋል፣ ሌላ አንድ ቀን ያደነዝዘዋል። በአራት ወር ሴሚስተር 16 ቀን ነው። ላብራቶሪ ያለው ኮርስ ላይ አንዱ ቀን ብቻ እንኳ ለመተካት ያስቸግራል። ሐኪሞች ይህን የሚለኩበት ሚዳስ የሚባል አጭር መጠይቅ አላቸው። ባለፉት ሦስት ወራት ከትምህርት ወይም ከሥራ፣ ከቤት ውስጥ ሥራና ከማኅበራዊ ኑሮ የጠፉትን ቀኖች ይደምራል። ድምሩ 21 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል።

ሦስተኛው ጉዳት ፍርሃቱ ነው። መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው ቀጠሮ አይወድም። ፕሬዘንቴሽን ይሸሻል፣ ቡድን ሥራ ላይ ወደ ኋላ ይላል። ማይግሬን ከጭንቀትና ከድብርት ሕመም ጋር በሁለቱም አቅጣጫ ይያያዛል፤ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። «ራስህን አታስጨንቅ» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት አለው። ግማሹ ግን ታማሚውን መውቀስ ነው።

3 በመቶ ወይስ 17.7 በመቶ?

«ድሮ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፣ ስልኩ ነው ያመጣው» የሚለውን በቁጥር ማየት ይቻላል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት የገጠር ጥናት ማይግሬን ያለባቸው 3 በመቶ ነበሩ፤ ሴቶች 4.2፣ ወንዶች 1.7 በመቶ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሌላ የኢትዮጵያ ጥናት ደግሞ 17.7 በመቶ አገኘ። ስድስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው።

ወረርሽኝ ነው ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። ሁለቱ ጥናቶች አጠያየቃቸውም አቆጣጠራቸውም የተለያየ ነው። ኋለኛው መስፈርቱን ሙሉ በሙሉ ባያሟላም «ማይግሬን ሳይሆን አይቀርም» የሚባለውንም ደረጃ ይቆጥራል። የድሮው ገበሬ «ራስ ፍልጠት» ብሎ ያለፈው በአዲሱ መጠይቅ ማይግሬን ተብሎ ይመዘገባል። የኑሮ ለውጡም ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች አይወጣም። ስልክን በተመለከተ የበለጠ የሚያሳስበው የሚሰርቀው እንቅልፍ ነው።

ኪኒኑ ራሱ ሲያሳምም

ማስታገሻ የሚሠራው በጊዜ ሲወሰድ ነው። ኢቡፕሮፌን፣ አስፕሪን ወይም ፓራሲታሞል ሕመሙ እንደ ጀመረ በትክክለኛው መጠን ከተወሰደ ብዙ ሰው ይረዳዋል። ሰዓቱ ካለፈ ጨጓራው ሥራውን ስለሚያዘገይ ኪኒኑ ቶሎ ወደ ደም አይገባም። ብዙ ተማሪ ግን «ትንሽ ልቻለው» ብሎ ይጠብቃል፣ ሲያስመልሰው ነው የሚውጠው። ከዚያ «ለኔ አይሠራም» ይላል።

ትሪፕታን የሚባሉት ለማይግሬን ተብለው የተሠሩ መድኃኒቶች ናቸው። ከእነሱ አንዱ የሆነውን ሱማትሪፕታንን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቶታል። በሰፈር ፋርማሲ ግን እንደ ፓራሲታሞል እንደ ልብ አይገኝም።

ዋናው አደጋ ሌላ ነው። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን ወይም ድብልቅ ማስታገሻ (በአንድ ኪኒን ከአንድ በላይ መድኃኒት ያለበት) ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ ከተወሰደ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። በፈተና ወቅት ቦርሳ ውስጥ የማይጠፋው ስትሪፕ፣ ከጓደኛ የሚለመነው «አንድ ፍሬ ስጠኝ»፣ ሳያመው «እንዳያመኝ» ብሎ የሚውጠው፣ ሁሉም ወደዚያ ይወስዳል። ትራማዶልን የመሰሉ ማስታገሻዎች ደግሞ ሱስ ጭምር ያስይዛሉ፤ ለማይግሬንም አይመከሩም።

በወር አራትና ከዚያ በላይ ቀን የሚያመው ሰው ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪሙን መጠየቅ ይገባዋል። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን የቆዩና ርካሽ መድኃኒቶች ናቸው። ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት አይሆንም፤ አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ ነው የሚወሰደው። ሁለቱም ውጤታቸው የሚታወቀው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። ለሰኔ ፈተና በሰኔ ተጀምሮ አይደርስም። ኦራ ያላት ሴት ደግሞ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል መውሰድ የለባትም፤ ስትሮክ የመያዝ ዕድሏን ይጨምራል። ይህን ለፋርማሲስቱ መንገር አለባት።

ጸበልና ዳማከሴ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን እስከሄደ ድረስ ጠብ የለም። ችግር የሚሆነው መድኃኒት ሲያስጥል ወይም አደገኛ ምልክትን ሲያዘገይ ነው። በሰከንዶች ውስጥ ጣሪያ የሚነካ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር፣ የአካል ግማሽ መድከም፣ ራስን መሳት፣ ከአደጋ በኋላ የመጣ ሕመም፤ እነዚህ ለነገ የሚባሉ አይደሉም። አገራችን የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ ናት። ቂሊንጦ አካባቢ ላለ ተማሪ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ከመሃል ከተማው ሆስፒታሎች ይቀርባል።

የመምህራኑ ስጋት

መምህራን የሚያነሱት ጥያቄ ቀላል አይደለም። በምርመራ የማይታይ ሕመም ለሰበብ ይመቻል። ላመለጠው ተማሪ ሜካፕ (ምትክ) ፈተና ማዘጋጀት ሥራ ነው፤ ለአንዱ ሲፈቀድ ለሌላው ያልተፈቀደበት ያማርራል። የውሸት የሕክምና ወረቀት የለም የሚል ሰው የለም።

ግን አሁን ያለው አሠራር ይህን ስጋት አይፈታውም። ማስረጃ የሚጠየቀው ከታመሙ በኋላ ነው። ማይግሬን የያዘው ሰው በዚያ ሰዓት የሚፈልገው ጨለማና ጸጥታ ነው። የታመመው ተኝቶ ወረቀት ሳይዝ ይቀራል፤ ያልታመመው ተሰልፎ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ማጣሪያው የሚያሳልፈው የማይገባውን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የተሻለው መንገድ ጊዜውን ማስቀደም ይመስለኛል። ተማሪው ሴሚስተሩ ሲጀመር ክሊኒክ ሄዶ ፋይል ይከፍታል። የራስ ምታት ማስታወሻ ይይዛል፤ መቼ ጀመረ፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ምን ወሰደ። የሁለትና የሦስት ወር ማስታወሻ በአንድ ሌሊት አይፈበረክም። ለዚህ ደግሞ የነርቭ ሐኪም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጠቅላላ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን መስፈርቱን ተከትሎ መለየት ይችላል። በዚህ መልክ የተመዘገበ ተማሪ ከመስኮት ራቅ ያለ ወንበር፣ ውሃ፣ መድኃኒቱን የመዋጥ ፈቃድ ቢያገኝ ማንም አይጎዳም። ተጨማሪ ሰዓት መስጠቱ ግን አከራካሪ ነው። ሕመሙ ከበረታ ሠላሳ ደቂቃ ቢጨመርም ዋጋ የለውም፤ ፈተናውን ወደ ሌላ ቀን ማዛወሩ ይሻላል።

ከባዱ ጉዳይ የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ተማሪ ዲግሪውን ለማግኘት በኮምፒውተር የሚሰጠውን አገር አቀፍ ፈተና ተፈትኖ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። እዚህ ላይ መምህሩ ቢራራም ሥልጣን የለውም፤ ሰሌዳው ከላይ ነው የሚወጣው። ኦራ የጀመራት ተማሪ ስክሪኑ ላይ ካለው ጥያቄ መሃሉ ጠፍቶባት ስትቀመጥ ሰዓቱ ይቆጥራል። ሰዓቱ ይቁምላት? በማግስቱ ትፈተን? ወይስ እስከሚቀጥለው ዙር ወራት ትጠብቅ? የእያንዳንዱ ክፍል ፈታኝ በራሱ ፍርድ እንዳይወስን መልሱ በጽሑፍ፣ ከፈተናው ቀድሞ፣ ለሁሉም ማዕከል አንድ ሆኖ መድረስ አለበት።